የነሐሴ ጎርፍና የጥር ጥም አንድ ውሃ ናቸው

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት ተራሮች በሚወስደው በኩል፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር ስሟን የሚጠራት የሌለ አንዲት ጅረት ዳር ቁጢጥ ብዬ ሎሚ ሳንሳፍፍ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ጅረቷ ቀጥ ብላ የምትሄድበት ቦታ ላይ አሥር ሜትር በገመድ ይለካል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ እንጨት ይተከላል፤ ከላይ ሎሚ ይጣልና ታችኛው እንጨት ጋ እስኪደርስ ሰከንድ ይቆጠራል። ሎሚ የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ እንደ ቅጠል ስለማይገፋው ነው። ደጋግሜ ጣልኩት፤ ባማካይ 40 ሰከንድ ወሰደበት። የጅረቷ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቷ 10 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህን ሁሉ አባዝቶ፣ ውሃ ከላዩ ይልቅ ከሥሩና ከዳር ዳሩ ስለሚዘገይ አንድ አምስተኛውን ሲቀንሱ የሚገኘው በሰከንድ 16 ሊትር ነው።

ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ አንድ ወጣት የቤንዚን ፓምፕ ገመዱን ስቦ አስነሳ። ባለ 3 ኢንች ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 1,000 ሊትር ይስባል፤ ወደ ሰከንድ ሲመነዘር 16 ሊትር ግድም ማለት ነው። ጅረቷን በሙሉ፣ ማለት ነው። ሎሚዬን ይዞ የነበረው ውሃ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ሎሚው ጠጠር ላይ ተቀመጠ። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከታች የመጣች ሴት የደረቀውን መውረጃ አየች፤ አልተገረመችም። «ቁጭ በል፣ ወንድሜ፤ ቤንዚኑ ሲያልቅበት ይመጣል» አለችኝ። ሄዶ ስለሚመጣ መብራት የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ብዙ ይወራል፤ ሊወራለትም ይገባል። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ ዓሣው ማነስ፣ ስለ ዳርቻው ግንባታ በየስብሰባው ይነሳል። ሐይቁን የሚመግቡት ትናንሽ ጅረቶች ግን በአብዛኛው ካርታ ላይም ስብሰባ ላይም ስም የላቸውም። ሲነሱም «ዝናቡ ቀነሰ፣ ወንዙ ደረቀ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአየሩ መለዋወጥ የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን እነዚህ ጅረቶች ላይ የደረሰው ትልቁ ለውጥ የውሃው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ውሃው የሚመጣበት ጊዜ መለወጡ ነው። ነሐሴ ላይ ማሳ ቆርጦ የሚወስደው ደራሽ፣ ጥር ላይ ሎሚ ማንሳፈፍ ያቃታት ጅረት ሊደርሳት ይገባ የነበረ ውሃ ነው። አንዱን ለብቻው በግንብ፣ ሌላውን ለብቻው በቦቴ ለመፍታት ስንሞክር የኖርነው ሁለቱን ሁለት ችግር አድርገን ስላየናቸው ይመስለኛል።

ውሃው የሚሄድበት መንገድ

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚገባ ሰው ጥቁር ውሃን ያውቀዋል፤ ድልድዩን ሲሻገር ከተማ መግባቱን ያውቃል። ወደ ሐይቁ ክረምት ከበጋ የሚገባው ዋነኛ ወንዝ እሱ ነው። ከድልድዩ ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን ወንዙ ከየት እንደሚመጣ አይገባውም፤ ሜዳ ላይ ተኝቶ የሚንፏቀቅ፣ ቄጠማና ደንገል የከበበው ውሃ ነው። ራሱን ለማግኘት ወደ ምሥራቅ መውጣት ያስፈልጋል።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ግድም ላይ ተኝቷል። በስተምሥራቅ ያለው የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ግድግዳ ላይ፣ በወንዶ ገነትና በዙሪያው፣ እንደ ዎሻና ወርካ ያሉ ወንዞች፣ ከነሱም ያነሱ ስም የለሽ ጅረቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቅና ጨለለቃ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ይዘረጋሉ። ጥቁር ውሃ ከረግረጉ በወዲያኛው በኩል ተጠራቅሞ ይወጣል፤ ወደ ሐይቁም ይገባል። እዚያ ጉዞው ያበቃል። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣ መፍሰሻ የለውም፤ የገባው ውሃ ወይ ወደ ሰማይ ይተናል፣ ወይ በከርሰ ምድር ይሰርጋል። ከተራራው የወረደ አፈርና ቆሻሻ ግን አይተንም። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው፤ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይኖራል።

መሬቱ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ሐይቁ ራሱ ያረፈው በጥንት ፈንድቶ በተደረመሰ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ የወንዶ ገነት ፍልውሃ ያ እሳት ገና ከሥር መኖሩን የሚናገር ነው። ይህ ለጅረቶቹ ትልቅ ነገር ነው፤ የተሰነጣጠቀ ድንጋይና ልል የእሳተ ገሞራ አፈር ውሃ ለመጠጣትና ለማቆየት የተመቸ ነው፤ ዕድሉን ካገኘ።

ጅረት በበጋ ከየት ትፈሳለች?

ይህን ጥያቄ ራሳችንን ብዙም አንጠይቅም። ከኅዳር እስከ የካቲት ጠብ ሳይል ከርሞ ውሃው ከየት ይመጣል? ከአፈር ነው። ክረምት የዘነበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ፣ በአፈርና በተሰነጠቀ ድንጋይ መካከል በጣም በዝግታ፣ አንዳንዴ በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ እየተጓዘ፣ ከወራት በኋላ ከሸንተረሩ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጥር ላይ የምንጠጣው ሐምሌን ነው። ተራራው ጎተራ ነው፤ ክረምት ይገባል፣ በጋ ይወጣል።

ጎተራው የሚሞላው ግን በሩ ክፍት ከሆነ ነው፤ በሩ ደግሞ የአፈሩ የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ወንዶ ገነት ላይ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በተቋቋመውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው የደን ኮሌጅ ዙሪያ የቀረው የተፈጥሮ ደን ውስጥ የገባ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። መሬቱ ይሰምጣል። የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ትልና ምስጥ የፈለፈለው ቀዳዳ፣ የዝግባና የጥቁር እንጨት ሥር የከፈተው መንገድ አለ። ከላይ ደግሞ ቅርንጫፉ የዝናቡን ጠብታ ይሰብርና ዝቅ አድርጎ ያወርደዋል። ብርቱ ዝናብ ዘንቦ እንኳ ደን ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ማየት ብርቅ ነው።

ከደኑ ወጥቶ መቶ ሜትር የተራቆተ ማሳ ላይ መቆም ነው ቀጥሎ። ጠብታው ራቁቱን አፈር ሲመታ ልሙን ክፍል ያፈርስና ቀዳዳውን በራሱ ጭቃ ይደፍነዋል። ከብት የረገጠው፣ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት የታረሰው መሬት ከሥሩ እንደ ሸክላ የጠነከረ ንብርብር ያበጃል። የእግር መንገዱም ቦይ ሆኖ ያገለግላል። ውሃው መግባት ሲያቅተው ይሮጣል።

ምን ያህል ውሃ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ሂሳብ ይበቃል። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 10,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ይህም በክረምት የተለመደ ነው፣ በአንድ ሄክታር ላይ 200,000 ሊትር ይሆናል፤ አሥር ሺህ ጀሪካን። ይህ አሥር ሺህ ጀሪካን ወይ ተራራው ውስጥ ገብቶ በበጋ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ወይ በሁለት ሰዓት ውስጥ አፈር ተሸክሞ ሜዳው ላይ ይደርሳል። በዓመት የሚዘንበው ምንም ሳይቀነስ፣ የመሬቱ ገጽ ብቻ ተለውጦ፣ ያው ጅረት ክረምት አስፈሪ፣ በጋ ደረቅ ልትሆን የምትችለው እንዲህ ነው።

በዚህ ሸንተረር ላይ ገጹ የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። ደኑ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ለእርሻ፣ ለከሰልና ለግንባታ እየተገፋ ወደ ላይ ሸሽቷል። ከደኑ ቀጥሎ መሬቱን ይጠብቅ የነበረው እንሰትና ቡናም ለጫት ቦታ እየለቀቀ ነው። ይህን ስጽፍ ጫት የሚተክለውን ገበሬ ልወቅስ አይደለም። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ከግማሽ ሄክታር ያነሰበት ሰው ብዙ ነው፤ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ጫት ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል። የልጅ ትምህርት ቤትና የሐኪም ወጪ ያለበት አባት የትኛውን እንደሚመርጥ አይጠየቅም። ለውሃው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእንሰት ሰፊ ቅጠል ዝናቡን ይቀበላል፤ ሥሩ ተደራርቦ የኖረ ፍግና ቅጠል አለ፤ ግንዱ ራሱ ውሃ ያዝላል። እየተኮተኮተ ከሥሩ የሚጸዳ የጫት ማሳ ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ በየመስመሩ መካከል ያለው ራቁት አፈር የጎርፍ ጎዳና ይሆናል። ጫቱ እንዳለ ሆኖ በየመስመሩ መካከል ሣር ወይም የቅጠል ጉዝጓዝ ቢኖር፣ በየተወሰነ ርቀት እርከን ቢኖር፣ ነገሩ ይለወጣል። ምርጫው በጫትና በውሃ መካከል ብቻ አይደለም።

ባሕር ዛፍ ሌላው ነው። ሸንተረር ጫፍ ላይ፣ ድንጋያማ መሬት ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም። ምንጭ ዓይን ላይና ጅረት ዳር ግን አይተከልም። እዚያ የሚተክሉት ሰዎች የሚተክሉት በፍጥነት ስለሚያድግ ነው፤ በፍጥነት የሚያድገው ደግሞ የሰፈሩን ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ሲተከል አይተናል፤ ምን ያህል እንደተተከለ የሚነገረውን ያህል የት እንደተተከለ ቢነገር እመኛለሁ። ከምንጭ ዓይን በላይ ያለች አንድ ጥማድ የማትሞላ ቁልቁለትና የጅረቷ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር፣ ለውሃ ከሆነ፣ ከሩቅ ሜዳ ላይ ከሚተከል ሰፊ ማሳ ይበልጣሉ።

አንድ ጅረት፣ ብዙ ቤት

በአማርኛ ሴት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ሄደች ለማለት «ውሃ ወረደች» እንላለን። ቃሉ እውነቱን ይዟል፤ ቤቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ይወረዳል፣ 20 ኪሎ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ጅረቷን ከምንጭ ዓይኗ እስከ ሜዳው ብንከተላት፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ ነገር ሆና እናገኛታለን። ከላይ፣ ምንጩ ከጎለበተ፣ በሲሚንቶ ሳጥን ተይዞ በቧንቧ የሚወርድ የመጠጥ ውሃ ናት። ካልጎለበተ ደግሞ ሴቶች በጣሳ እየጨለፉ የሚቀዱት ጉድጓድ ናት። ዝቅ ብሎ ከብት የሚጠጣበት መልካ አለ፤ ዳሩ በኮቴ የተፈረፈረ፣ ሁሌም ድፍርስ። ቀጥሎ ልብስ የሚታጠብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ልጆች የሚዋኙበት ጥግ፣ ወደ አትክልት ማሳ የሚጠለፍበት ቦይ አለ። መንገድ ከሚያቋርጣት ዘንድ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይታጠባል። እያንዳንዱ የላይኛውን ያማርራል፤ እያንዳንዱ ለታችኛው የላይኛው ነው።

የልብስ ማጠቢያውን ድንጋይ ሳነሳ አንድ ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች ትዝብት እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ሳይንስ የተገለጠበት ምርምር ተወለደ። ይህን ሁሉ ያስተማረችው አንዲት ትንሽ ወንዝና እጃቸው ውሃ ውስጥ የነበረ ሴቶች ናቸው። የወንዶ ገነት ጅረቶችና ቦዮችም ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ቀንድ አውጣዋ የምትወደው በዝግታ የሚሄድ፣ ሣር የበቀለበት፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ስለዚህ በበጋ ፍሰቷ የደከመ ጅረትና ውሃ የተኛበት ቦይ ለሷ የተመቻቸ ቤት ነው፤ ባዶ እግሩን የሚገባው ልጅ ደግሞ ለተዋሲው። ውሃው በጊዜው አለመምጣቱ ከጥም ሌላ በሽታም ያመጣል።

ከሁሉም ብዙ የሚጠጣው ግን መስኖ ነው። አንድ ሄክታር ጎመን ወይም ቲማቲም በደረቅ ወር፣ በአፈር ቦይ የሚባክነው ተጨምሮ፣ በሰከንድ አንድ ሊትር ያህል ሳያቋርጥ ይፈልጋል። ይህ በቀን 86,400 ሊትር ነው፤ 4,320 ጀሪካን። በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ብንል፣ አንዲት ሄክታር የአራት ሺህ ከሦስት መቶ ሰው ውሃ ትጠጣለች። ገበሬው ስስታም ስለሆነ አይደለም፤ ተክል የሚጠጣው ይህን ያህል ስለሆነ ነው። ሐዋሳ ገበያ ላይ በርካሽ የምንገዛው ቃሪያና ጎመን ከዚህ ውሃ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የከተሜውም ነው።

ድሮ ይህን የሚያስታርቅ ሥርዓት ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም አለ። አማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የውሃ አባት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዘንድ አባ ለጋ ይባላል፤ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ ሲጠረግ ሰው የሚያሰልፍ፣ ሰርቆ ያጠጣን የሚቀጣ ሰው ነው። ሥልጣኑ የመጣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ውሃው የሚጠለፈው ከአንድ ቦታ ነበር። በድንጋይ፣ በጭቃና በእንሰት ቅርፊት የተደፈነችው ያቺ ጠለፋ በሁሉም ዓይን ፊት ናት። እሷን የያዘ ሁሉንም ይዟል። ፓምፕ ይህን አፈረሰው። ፓምፕ ያለው ሰው ከጠለፋው በላይም በታችም፣ ከፈለገበት ዳር ቱቦውን ጥሎ ይስባል። ተራ መጠበቅ የለበትም፤ ቦይ ጠረጋም አይመለከተውም። የውሃ አባቱ ስብሰባ ቢጠራ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። አሁን ደግሞ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ፓምፕ እየተስፋፋ ነው። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቤንዚን ወጪ ቀረለት። ነገር ግን ያቺ ሴት የምትጠብቀው «ቤንዚኑ ሲያልቅ» የሚባል ነገርም አብሮ ቀረ።

ሕጉ እዚህ ላይ ይዘገያል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት የሚውል ውሃ ከማንኛውም አገልግሎት ቅድሚያ እንዲኖረው በግልጽ ደንግጓል፤ መልካም ድንጋጌ ነው። ያው አዋጅ ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል፤ ይህም በጊዜው ትክክል ነበር፤ በእንሰት ቅርፊት የሚጠለፍ ቦይ ፈቃድ አያሻውም። አሁን ግን ጅረት ዳር የተደረደረው ፓምፕ ባህላዊ ነው ወይስ አይደለም? እንደኔ ንባብ፣ በአንዲት ጠለፋ ለሚጠጣ ማኅበረሰብ የታሰበ ነፃነት ጅረቷን በሙሉ በአንድ ቱቦ ለሚስብ መሣሪያ ሊሆን አይገባም። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006ም ቢሆን በይበልጥ የሚስማማው ግድብና ቦይ ለተሠራለት መስኖ ነው፤ በየዳሩ የተበተነ ባለፓምፕ የሚሰበሰብበት ጥላ ገና አልተሠራለትም።

ሌላም አለ። እነዚህ ወንዞች ከሲዳማም ከኦሮሚያም ውሃ ይሰበስባሉ፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ ተፋሰሱ በሁለት የክልል መንግሥታት እጅ ነው። ውሃው ድንበር አያውቅም፤ በጀትና የቀበሌ ስብሰባ ግን ያውቃሉ። አማርኛችን አገር ቤት አብሮ ያደገን ሰው «የወንዜ ልጅ» ይለዋል፤ ከአንድ ወንዝ የጠጣ ማለት ነው። ከላይና ከታች ያሉት የአንድ ጅረት ሰዎች ግን አንድ ላይ የሚቀመጡበት መድረክ የላቸውም። መድረኩ ትልቅ መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም። ከምንጭ ዓይን እስከ ጨለለቃ ያሉ ጥቂት የውሃ አባቶች በወር አንዴ ቢገናኙ ይበቃ ነበር።

ረግረጉ ሲሞላ

ጨለለቃ ስሙ ዛሬ የረግረግና የግጦሽ መሬት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐይቅ ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሐይቅ ጨፌ ሆነ። ከተራራው የወረደው ደለል ወለሉን ከፍ አደረገው፤ ከላይ የሚጠለፈው ውሃ መግቢያውን ቀነሰው፤ ዳር ዳሩ ሲደርቅ እየታረሰና እየተጋጠ ሄደ።

ይህ መጥፎ ዜና የሆነው ሐይቅ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ጨለለቃ ለሐዋሳ ሐይቅ ወንፊት ነው። ከቁልቁለት የመጣ ጎርፍ ረግረግ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል፣ ይዘገያል፣ አፈሩን ይጥላል፤ ቄጠማውና ደንገሉ ማዳበሪያና ሌላውን ቆሻሻ ይይዛሉ። የሚሮጥ ውሃ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መሸከም የሚችለው ደለል ከእጥፍ በብዙ ይበልጣል፤ ሲዘገይም እንዲሁ ሸክሙን ቶሎ ያራግፋል። ወንፊቱ ሲሞላና ሲታረስ ግን ጎርፉ ቀጥታ ያልፋል፤ አፈሩ የሚያርፈው ሐይቁ ውስጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ከፍ ብሎ ከተማዋን ሲያሰጋ ዳሩ ላይ የተሠራው መከላከያ ዛሬ ሰው ማምሻውን የሚንሸራሸርበት ነው። ለዚያ ከፍታ የዝናቡ መብዛት ድርሻ ነበረው። ሆኖም ከተራራው ሊቆይ የሚችል ውሃ ሳይቆይ ሲወርድ፣ ወለሉም በደለል ሲሞላ፣ ግንቡ የሚጠብቀው ነገር ከዓመት ዓመት ይከብዳል።

የከተማው ሰው ጣት ብዙ ጊዜ የሚቀሰረው ወደ ፋብሪካ ነው። ክትትሉ አስፈላጊ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱም ያ ጥያቄ ስለነበረ ነው። ፋብሪካ ግን በር አለው፤ ቧንቧው ይታያል፤ ተቆጣጣሪ ሊሄድበት ይችላል። በአንድ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከሺህ ማሳ የሚወርድ ቀይ ውሃ በር የለውም። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ስለ ዓሣው ሲጨነቅ፣ ግማሹ ጭንቀቱ ወደዚያ ሸንተረር መዞር አለበት።

ውሃን ማዘግየት

ምን ይደረግ ለሚለው ብዙ ነገር ይዘረዘራል፤ እኔ የማስቀድመው ውሃውን በየደረጃው ማዘግየትን ነው። ላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ እርከንና የሣር መስመር፤ ቦረቦር ሲጀምር፣ ገና ጉልበት ሳያክል፣ በድንጋይና በእንጨት መገደብ። ቦረቦር በሕፃንነቱ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ነው፤ ካደገ በኋላ ግን የዶዘር ሥራ ይሆናል። ምንጭ ሲጎለብት ደግሞ ሲሚንቶ ሳጥኑን ብቻ ሠርቶ መሄድ አይበቃም፤ ከሱ በላይ ያለው መሬት ከከብትና ከማረሻ ካልተጠበቀ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ደረቅ ሳጥን፣ የተመረቀበት ዓመት በሲሚንቶው ላይ ተጽፎበት፣ አይቻለሁ።

ከታች ደግሞ የሌሊቱ ውሃ አለ። ያቺ 16 ሊትሯ ጅረት ሌሊት ማንም ሳይነካት ትሄዳለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የምትወስደው 691,200 ሊትር ነው። ሁሉንም መያዝ አይገባም፤ ረግረጉም ድርሻ አለው፣ ጅረቷም ከነነፍሷ መክረም አለባት። ግማሹን ማጠራቀሚያ ኩሬ ቢይዘው ግን ጠዋት አራት ሄክታር የዕለቱን ያጠጣል፤ ፓምፑም ከጅረቷ ሳይሆን ከኩሬው ይስባል፤ ቀን ጅረቷ ለጀሪካንና ለከብት ትቀራለች። ችግሩ እዚህም የጊዜ ነው፤ በዓመት ውስጥ በክረምትና በበጋ የሆነው በአንድ ቀን ውስጥ በሌሊትና በቀን ይደገማል። ኩሬው ግን ከሌሎቹ ጋር የሚስማማ መሬት፣ ተራ የሚያወጣ ሰው፣ ልጅ እንዳይገባበት አጥር ይፈልጋል። ከኮንክሪቱ የሚከብደው ይሄ ነው።

መለካትም አለበት። ውድ መሣሪያ ስለሌለ አይለካም ይባላል፤ ገመድ፣ ሁለት እንጨትና ሎሚ ግን የትኛውም ትምህርት ቤት አለው። በየጅረቱ አጠገብ ያለ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በየሁለት ሳምንቱ ቢለካ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ጅረቷ በየወሩ ምን ያህል እንደምትይዝ ይታወቃል። የውሃ አባት ባለፓምፕን ሊያናግር ሲሄድ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። «ጥር ላይ 16 ሊትር ናት፤ ያንተ ፓምፕ 16 ይስባል» ማለት ከመሳደብ የተሻለ ንግግር ነው።

ያን ቀን ፓምፑ የጠፋው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ወጣቱ ቱቦውን እየጠቀለለ ወደኛ አየና ሴትየዋን በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት፤ ጎረቤቷ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ ጠጠሩን እያራሰ አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ መጣ፤ ከፊቱ ደረቅ ቅጠልና አረፋ ይገፋ ነበር። የመጀመሪያው ድፍርስ ስለነበር አሳለፈችው። ከዚያ በመዳፏ ጠጠሩን ገፋ ገፋ አድርጋ ትንሽ ጉድጓድ ሠራች፤ እስኪጠራ ጠበቀች፤ በቆርቆሮ ጣሳ እየጨለፈች ጀሪካኑን መሙላት ጀመረች። ሎሚዬ ከጠጠሩ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ።